የጋሽ ማርቆስ ዲሽ

ሪሲቨር የተበላሸ ምስል ራሱ ያርማል ይባላል። ደህናውን ነገር ካላረሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸውን ሰዎችስ ማን ያርምልን?

አዲስ ከተማ የሚኖሩት ጎረቤቴ ጋሽ ማርቆስ ከነዚህ አንዱ ነበሩ። ዲሽ በየጣሪያው መብቀል በጀመረበት ዘመን፣ የዋንጫውን ጨዋታ እሳቸው ቤት ተሰብስበን እያየን ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሆኖ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ሳለ የምስሉ ጥግ ትንሽ ተቆራረጠ።

"ቆይ፣ ላስተካክለው!" ብለው ጣሪያ ላይ ወጡ።

"ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይተዉት! ራሱ ይስተካከላል!"

ማን ሰምቶ! ዲሹን ሲነቀንቁት ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ወዲያው ከአጥር ማዶ ጎረቤቶቻችን "ጎል!" ብለው አካባቢውን አናጉት። እኛ ጨለማው ላይ እንዳፈጠጥን፣ ጋሽ ማርቆስ ከላይ፣

"ጩኸታችሁን ሰማሁ! አሁን ጠራላችሁ አይደል?" አሉና የዲሹን ብሎን እዚያው ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩት።