«የለም» የማይሉት ካልቡቡ ኤጄ

ጫማ ሻጭ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለእግርዎ ጫማ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ለጫማው እግር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዓይነት አለ ሲባል ሰምተናል እንጂ በዓይናችን አላየነውም። ሁለተኛውን ግን የማያውቅ ሰው የለም። አውራ ጣቱ ጫማ ውስጥ ታጥፎ «ልክህ ነው» ያልተባለ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ጫማ ገዝቶ አያውቅም።

በካራኮል ከተማ ገበያ የዚህ የሁለተኛው ወገን አለቃ ክብርት ወይዘሮ ካልቡቡ ናቸው። «ኤጄ» ታላቅ እህት ማለት ነውና «ካልቡቡ ኤጄ» እንላቸዋለን፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «ኤጄ» ይሏቸዋል። ከፀጉር ባርኔጣ ሻጮቹ ቀጥሎ ባለችው ሰማያዊ ኮንቴይነር ውስጥ ሃያ ዓመት ሲሸጡ «ልክሽ አይደለም» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «የለም» የሚለውም እንደዚሁ።

ጫማው ከጠበበ «ቆዳ ነው፤ ይለምዳል» ይላሉ። ከሰፋ «በሱፍ ካልሲ ይሞላል» ይላሉ። ጠዋት የሄደ ደንበኛ እግሩ በእንቅልፍ ያበጠ ነው። ከሰዓት የሄደ በመንገድ ያበጠ ነው። ምሳ በልቶ የሄደ ደግሞ ምግቡ ወደ እግሩ ወርዶበታል። ሠላሳ ሰባት ቁጥር ለምታደርግ ሙሽራ አርባ ቁጥር ሸጠውላት፣ በሠርጉ ጭፈራ መሐል ጫማው ከልጅቱ ቀድሞ ሲዞር እንግዳው ሁሉ አይቷል። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር በትምህርት መክፈቻ ቀን ንግግሩን በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ሲቀመጥ ደግሞ ወላጆች ይህን የመሰለ አስተዋይ ሰው አላየንም አሉ። ሰውየውን አስተዋይ ያደረገው ከእሳቸው የገዛው ጠባብ ጫማ ነበር።

ኑርዛት ነርስ ናት። በተራራው ሥር ባሉት መንደሮች እየዞረች ሕፃናት ትከትባለች፣ እርጉዞችን ትከታተላለች። ከእናቷ ሦስት ነገር ወርሳለች፤ ትዕግሥት፣ የብር ጉትቻ እና ባት። አያቷም፣ እናቷም፣ ሁለቱ እህቶቿም ከጉልበት በታች አንድ ናቸው፤ ክብ፣ ጠንካራ፣ አቀበት ሲወጡ የማይዝል ባት አላቸው። እግሯ ራሱ ትንሽ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው። ለትንሽ እግር ቦት ጫማ የሚሠሩ ሰዎች ከላይ ያለው የወፍ ቅልጥም ነው ብለው ያስባሉ መሰል፤ ዚፑ ባቷ መሐል ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ በላይ ሁለቱ ጠርዞች እንደተኳረፉ ዘመዳሞች ፊትና ፊት ይተያያሉ።

የቀሩት ሻጮች ኑርዛት ገና ስትመጣ ዓይናቸውን ወደ ባቷ ጣል ያደርጉና «ላንቺ የለንም» ይሏታል። አንዱማ ስልክ እያወራ፣ ቀና ሳይል፣ በእጁ ብቻ ሂጂ አላት። እንዲህ ረድፉን ስትጨርስ ነው የካልቡቡ ኤጄ በር ላይ የደረሰችው።

«ነይ፣ ነይ፤ ያንቺን አስቀምጬልሻለሁ» አሏት፣ ከዚያ በፊት አይተዋት ሳያውቁ።

ቦቱን አጠለቀች። ዚፑ እንደ ልማዱ ባቷ መሐል ደርሶ ቆመ።

«ኤጄ፣ አልዘጋ አለ።»

«ተዘግቷል እኮ።»

«ግማሹ ነው የተዘጋው።»

«ታዲያ ግማሽ ብቻ ቀረን ማለት ነው። እግርሽን ዘርጊ። ትንፋሽሽን ያዢ።»

«ትንፋሼ ባቴ ውስጥ የለም።»

«ያዢ ስልሽ ያዢ።»

ጎረቤታቸውን ባርኔጣ ሻጯን ጠሩ። እሷ ቆዳውን ከግራና ከቀኝ ሰበሰበች፤ ካልቡቡ ኤጄ ዚፑ ላይ ሽቦ አስገብተው ሳቡ። ሦስቱም ካላባቸው በኋላ ተዘጋ። ኑርዛት ቆመች።

«አየሽ፣ ለመደ» አሉ ካልቡቡ ኤጄ።

«እግሬ ደንዝዟል።»

«ሙቀቱ ነው።»

ገዛችው። ለምን እንደገዛችው ወደ ቤቷ ስትሄድ ራሷን ጠየቀች። ባቷን አይቶ ፊቱን ያላዞረ ሰው በዚያ ሁሉ ገበያ ውስጥ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው። ያ ቦት ሦስት ሳምንት ተደርጎ ለታናሽ ጎረቤቷ ተሰጠ። በሁለተኛው ዓመት ከጎኑ ላስቲክ ያለው ገዛች፤ ላስቲኩ ጥር ሳይገባ ተስፋ ቆረጠ። ጉድ ያመጣው የሦስተኛው ዓመት ነው።

የካቲት ላይ ከጅርጋላን ወዲያ ባለች መንደር አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። ኑርዛትን የያዘው መኪና መንገድ ላይ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረ። እሷም ቦርሳዋን ይዛ ወረደችና በእግሯ ቀጠለች። ሩቅ ሳትሄድ የግራ ቦቷ ዚፕ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። በፋሻ ጠመጠመችው። በረዶው እየገባ ቀለጠ፣ የቀለጠው መልሶ ጋገረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትደርስ ልጁን አንዲት የጎረቤት አሮጊት ተቀብለውት፣ ታጥቦና ተጠቅልሎ ተኝቷል። እናቲቱም ደህና ነበረች። ሕክምና የሚያስፈልጋት ነርሷ ሆና ተገኘች፤ ከአራሷ ጎን አስቀምጠው እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉላት። በኋላ ሁለት የእግር ጥፍሮቿ ወደቁ። ጥፍሩስ ይበቅላል፤ ሴትየዋ ደም ፈስሷት ቢሆን ኖሮስ የሚለው ሐሳብ ግን ለብዙ ወራት አልለቀቃትም።

በጥቅምት፣ ገበያው በሚደምቅበት እሑድ፣ የተቀደደውን ቦት ይዛ ካልቡቡ ኤጄ ዘንድ ሄደች።

«እንኳን መጣሽ፤ ያንቺን...» ብለው ጀመሩና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን አዩ። «ዚፕ ነው። ዚፕ ይቀየራል። ቆዳው ግን...»

ኑርዛት የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የሕመምተኛ ካርድ የምታነብ ነው የምትመስለው።

«ጣቶችሽስ?» አሉ።

«አሉ። የወደቁትም ጥፍሮች በቅለዋል።»

«ሴትየዋስ?»

«ደህና ናት። ጎረቤት ደረሰላት። እኔ አልደረስኩም።»

ካልቡቡ ኤጄ ደንበኞች በሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እዚያ ላይ ሲቀመጡ ያየ ሰው የለም። ቦቱን አንሥተው አገላበጡት፣ የተተረተረውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በመጨረሻም፣

«ኑርዛት፣ እኔ ዘንድ ላንቺ የሚሆን ጫማ የለም» አሏት።

ባርኔጣ ሻጯ ባርኔጣ ልታስለካ ያነሣችው እጇ አየር ላይ ቀረ። ኑርዛት ልትወቅስ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ይህን ስትሰማ ግን ቦቱን ከእጃቸው ልትቀበል ጎንበስ አለች።

«ኤጄ፣ እኔ እኮ...»

«ተነሺ። የምንሄድበት አለ።»

ከመደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ቆዳው የሚሻለውን ቦት መርጠው ብብታቸው ሥር ሸጎጡና፣ በዚያ በደመቀ እሑድ ኮንቴይነራቸውን ቆለፉ።

የወሰዷት ከብት ገበያው አጠገብ ወዳለው ወደ ኮርቻ ሠሪው ወደ ኦሙርዛክ ነው። ኦሙርዛክ በጉብዝናቸው ዘመን ለእረኞች ቦት ይሰፉ ነበር። አሁን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ካልቡቡ ኤጄን የሚያውቋቸውም እሳቸው የሸጡትን ጫማ «ያስፉልኝ» እያለ በሚመጣው ሰው ብዛት ነው።

«ዛሬ ደግሞ ማንን አሥረሽ አመጣሽብኝ?» አሉ።

«ኦሙርዛክ ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ይህችን ልጅ ይዩልኝ። ይህን ቦት ከኋላው ይቅደዱና ቆዳ ይጨምሩበት።»

«እኔ ኮርቻ ነው የምሠራው።»

«ኮርቻ ለጀርባ ልክ ይሠራል አይደል? ይህም ለባት ልክ ይሠራ።»

ኦሙርዛክ ሜትራቸውን አወጡ። ኑርዛትን አስቀምጠው ለኩ፣ አስቁመው ለኩ፣ በጓሮው ሁለት ጊዜ አዙረዋት እንደገና ለኩ።

«አርባ ስድስት ሴንቲ ሜትር» አሉ። «አቀበት የሚወጣ ሰው ባት ነው። ጥሩ ባት ነው።»

ኑርዛት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ባቷ እንዲህ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ወዴት እንደምታይ ጠፋት።

«አርባ አምስት ያድርጉት» አሉ ካልቡቡ ኤጄ። «ቆዳ ነው፤ ይ...»

ኦሙርዛክ ሜትሩን አስቀመጡ። «ካልቡቡ፣ ውጪልኝ።»

«ዝም ብያለሁ።»

«አርባ ስምንት አደርገዋለሁ። ከውስጥ ወፍራም ካልሲ አለ።»

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ኦሙርዛክ ያዩትን መከራ ለማንም አልመኝም። ካልቡቡ ኤጄ በየቀኑ ቦርሶክ የሚባለውን ትኩስ የተጠበሰ ሊጥ ይዘው ይሄዱና አጠገባቸው ቁጭ ይላሉ። የተጨመረው ቆዳ ቀለሙ አይመሳሰልም ብለው አንዴ አስፈቱት፤ ስፌቱ ጠማማ ነው ብለው ሌላ ጊዜ አስፈቱት። ስለ ዋጋው ካልቡቡ ኤጄና ኑርዛት የተባባሉትን እንተወው። ሁለቱም ተኮራርፈው፣ ሁለቱም አሸነፍኩ ብለው ነው የተለያዩት።

የመጨረሻው ቀን ኑርዛት ቦቱን አጠለቀችና ዚፑን በሁለት ጣቷ ያዘች። ከቁርጭምጭሚቷ ተነሣ፣ ባቷን አለፈ፣ ጉልበቷ ሥር ደረሰ። ማንም አልሳበላትም። ሁለት ጣቷን ከላይ አስገባች፤ ገቡ። እስከ አጥሩ በር ሄዳ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። ካልቡቡ ኤጄ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተሉ ያያሉ።

«አይጠብም?» አሏት።

ባርኔጣ ሻጯ በዚያ ብትኖር ኖሮ ይህን ጥያቄ ከእሳቸው አፍ ሰማሁ ብላ ብትናገር የሚያምናት አታገኝም ነበር።

«አይጠብም፣ ኤጄ።»

ታኅሣሥ ላይ በረዶው ጉልበት ድረስ ሆነ። ኑርዛት ሦስት መንደር ዞራ፣ አርባ ሕፃን ከትባ፣ ካልሲዋ ሳይረጥብ ተመለሰች። ከመኪና ወርዳ በቀጥታ ወደ ገበያው ሄደች፤ ይህን ለካልቡቡ ኤጄ ሳትነግራቸው ቤቷ ልትገባ አልፈለገችም። ካልቡቡ ኤጄ መሰላል ላይ ወጥተው ካርቶን ሊያወርዱ ይንጠራራሉ። ረጅም ቀሚሳቸው ከፍ ብሏል። ከሥሩ የሚታየው ያረጀ የሱፍ ቦት ነው፤ ከኋላው ከላይ እስከ ተረከዙ ተቀዶ በጫማ ክር ታስሯል።

«ኤጄ፣ እግርዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ካልቡቡ ኤጄ ቶሎ ብለው ወረዱና ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ምንም። ሱፍ ነው።»

«ከኋላ ተቀዷል።»

«አልተቀደደም፤ እኔ ነኝ የቀደድኩት።» ካርቶኑን አቧራ እንዳለበት ሁሉ በእጃቸው ጠረጉት። «ሱቅ ሳልከፍት በፊት ይህን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ዞሬዋለሁ። አንዱ ሻጭ ባቴን አይቶ ያንቺን ቁጥር ፈረስ ቤት ጠይቂ አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሱቁን ስከፍት ታዲያ፣ እኔ በር ላይ የቆመ ሰው ‹የለም› የሚል ቃል አይሰማም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሃያ ዓመት ጠበቅኩት።»

«ጠብቀዋል» አለች ኑርዛት። «እግራችንን ግን ጨረሱት።»

ካልቡቡ ኤጄ መጀመሪያ ኮስተር አሉ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፤ ስቀው ስቀው ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በሉ ይዝጉና እንሂድ» አለች ኑርዛት።

«ደንበኛ ቢመጣስ?»

«ይመለሳል።»

ኦሙርዛክ ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ አዩ። ሜትሩን ለኑርዛት አቀበሏት፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ወስፌያቸውን መሳል ጀመሩ። ካልቡቡ ኤጄ ክሩን ፈትተው የሱፍ ቦቱን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ኑርዛት ተንበርክካ ሜትሩን በባታቸው ላይ አዞረች።

«ስንት ነው?»

«አርባ ዘጠኝ።»

«ቀስ ብለሽ በይው እንጂ።»

ኑርዛት ተነሣችና በጆሯቸው ደገመችላቸው።

«ሃምሳ አንድ አደርገዋለሁ» አሉ ኦሙርዛክ ጀርባቸውን እንደሰጡ።

ካልቡቡ ኤጄ ባታቸውን ቁልቁል አዩት፤ ጥቂት አሰቡ።

«ሃምሳ ሁለት ያድርጉት» አሉ።