ክቡር ምንም-አልነካሁም

በዚህ ዓለም ላይ በራሱ የተበላሸ ዕቃ የለም፤ የነካካው ሰው አለ። ያንን ሰው ፈልጋችሁ ብትጠይቁት ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ምንም አልነካሁም!» እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት የለም፣ መሥሪያ ቤትም የለም። የቧንቧው መዝጊያ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀርቶ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ደርሶ «ዝም ብሎ ነው የተነቀለው» ይላችኋል። ሬዲዮ ፈትቶ ይገጥምና ሦስት ብሎን ሲተርፈው «ድሮም ትርፍ ነበሩ» ብሎ በክብሪት ቀፎ ያስቀምጣቸዋል።

ለዚህ ሰፊ ወገን ማዕረግ ይሰጥ ቢባል፣ አንደኛ የሚወጡት የአንድ የኢንቨርተር ቴክኒሻን አማት፣ የሚስቱ አባት ናቸው። ቴክኒሻኑ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይላቸዋል። በልቡ ግን ለብልሽት ከተደወለለት ከሦስተኛው ስልክ ወዲህ «ክቡር ምንም-አልነካሁም» ብሎ ሾሟቸዋል።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ትልቅ መጋዘን ንብረት ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ሚስማር አልጠፋችባቸውም፤ ይህንንም ለማያውቅ ሰው ሳይነግሩ አይውሉም። ሚስጥሩ ቀላል ነው ይላሉ፤ ቁልፍ ቆልፈው ዝም ብለው አይሄዱም፣ ሁለት ጊዜ ይስቡታል። «ስቤ ካላየሁት ቆለፍኩ አልልም።» ጡረታ ወጥተውም አመላቸው አልለቀቃቸውም። የግቢውን በር ይስባሉ፣ የቁም ሳጥኑን ይስባሉ፣ በመንገዳቸው ላይ ያለውን የጎረቤት በር ሳይቀር ሳብ አድርገው ነው የሚያልፉት። ጎረቤቲቱ እንግዳ የመጣ መስሏት ስንቴ ሮጣ ወጥታለች።

ባለቤታቸው ሳንባቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚተነፍሱት አፍንጫቸው ላይ በተሰካች ቀጭን ቱቦ፣ አልጋቸው አጠገብ ከቆመ የኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም፤ መብራቱ ደግሞ ደስ ሲለው የሚመጣ፣ ሲያኮርፍ የሚሄድ ነው። ስለዚህ አማቻቸው ቴክኒሻኑ ኮሪደሩ ላይ አንድ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ አንድ ኢንቨርተር ተከለላቸው። ባትሪው ውስጥ ቴክኒሻኖች ቢ.ኤም.ኤስ የሚሏት መቆጣጠሪያ ካርድ አለች። በአንዲት ቀጭን ገመድ አማካይነት ለኢንቨርተሩ «ይህን ያህል ቀርቶኛል፤ አሁን ውሰድ፣ አሁን ይበቃሃል» እያለች ትነግረዋለች። ወሬዋ ከተቋረጠ ኢንቨርተሩ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ሥራውን ያቆማል። በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለ የሴትዮዋ ማሽንም ቆመ ማለት ነው። የቀረችው ሁለት ሰዓት የምታቆይ አንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ናት። የአማቻቸው ቤት ግን የከተማው ሌላ ዳር ላይ ነው፤ መንገድ ከተጨናነቀ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ቀጥ አለ።»

«ነካክተውት ነበር ጋሼ?»

«እኔ? ምንም አልነካሁም!»

ቴክኒሻኑ ደረሰ። የኢንቨርተሩ መስኮት «ባትሪ አልተገኘም» ይላል፤ ባትሪው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል። እሱም ቴክኒሻን ሁሉ በመጀመሪያ የሚያደርገውን አደረገ፤ ያለውን ገመድ ሁሉ ነቅሎ መልሶ ሰካ። ሠራ። ሻይ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ተደወለ። ገመዱን በአዲስ ቀየረው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ተደወለ፤ ከኃይል መስመሩ ጋር ጎን ለጎን መሄዱ ይሆናል ብሎ በሌላው ግድግዳ አዞረው። እንደገና ተደወለ፤ የካርዷን ጥቃቅን ማብሪያዎች አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያደረገ ግማሽ ቀን ዋለ። አምስተኛው ላይ ፕሮግራሙን በአዲስ ጫነላት። ሁሌም መጀመሪያ ይነቅላል፣ ይሰካል፤ ሁሌም ይሠራል፤ ሁሌም «በቃ፣ አገኘሁት» ብሎ ይሄዳል። ያገኘው ነገር ከአራት ቀን በላይ ቆይቶለት አያውቅም።

ሌሎች ደንበኞቹ በየተራ አኮረፉት። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሚስቱ ትጠብቀዋለች።

«አባቴን ጥፋተኛ ልታደርገው ነው የምትፈልገው።»

«ምን አልኩ?»

«አላልክም። ፊትህ ያስታውቃል።»

አንድ ቀን ቢቸግረው ባትሪውን ወዳመጣው ድርጅት ደወለ። እዚያ ያለው ባለሙያ «ቅንብሩን ነካክተሃል እንዴ?» አለው። ቴክኒሻኑ በአንድ እጁ ካቻቢቴ ይዟል፤ የባትሪው ክዳን እግሩ ሥር ተቀምጧል። «እኔ? ምንም አልነካሁም!» አለ። ድምፁን ከገዛ አፉ ሲሰማው ደነገጠ። ጋሼን ነው የሚመስለው፤ ቁርጥ ጋሼን።

ስድስተኛው ስልክ ሲደወል መብራት ጠፍቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጧል። ከተማው ተቆላልፏል። ክቡርነታቸው በየዐሥር ደቂቃው ይደውላሉ፤ «ሲሊንደሯ ግማሽ ላይ ደርሳለች»፣ «ከግማሽ ወርዳለች»፣ «ቀዩ ላይ ናት ልጄ»። የመጨረሻውን መንደር የዕቃ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሩጫ ነው የጨረሰው። ሲገባ ሴትዮዋ ከንፈራቸው ዐመድ መስሏል። ክቡርነታቸው አልጋው ሥር ተንበርክከው ቱቦዋን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ አየሩ በእሳቸው መያዝ የሚመጣ ይመስል። ቴክኒሻኑ ኮሪደሩ ላይ ነቀለ፣ ሰካ። ማሽኑ ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ሴትዮዋ ዐይናቸውን ገልጠው «ደግሞ ላቡን እዩት፣ ፎጣ ስጡት» አሉ። ቴክኒሻኑ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምንም አልነካሁም» አሉ ክቡርነታቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ያን ቀን ቴክኒሻኑ ወደ ሌላ ሥራ አልሄደም። የመኝታ ቤቱ በር አጠገብ፣ ኮሪደሩ በሚታይበት በኩል ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ሥራ የለህም?» አሉት ሴትዮዋ።

«ሥራዬ ይሄው ነው እማማ።»

አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ጭንቅላቱ እየወደቀ፣ እየነቃ ሲታገል፣ ክቡርነታቸው ጨርቅ ይዘው ብቅ አሉ። ጠዋት ባዩት ነገር ልባቸው አላረፈም። ኢንቨርተሩን የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው ቀስ ብለው ወለወሉት። ባትሪውን ወለወሉት። ከዚያ ጎንበስ አሉና ቀጭኗን ገመድ በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጓት። ደግሞ ሳብ። ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ግቢ ወጡ።

ቴክኒሻኑ ተነሥቶ አየ። የገመዷ መሰኪያ የሩዝ ፍሬ ያህል ወደ ኋላ ወጥታለች። እንዳትወልቅ የምትይዛት የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች። ሰዓቱን እያየ ቆመ። አንድ ደቂቃ፤ ሁለት፤ አራተኛው ላይ ኢንቨርተሩ ጮኸ። አንዳንድ ቀን ስትሳብ ትጸናለች፣ አንዳንድ ቀን እንዲህ ትወጣለች፤ የሚጮኸው ደግሞ ሰውዬው ግቢ ወጥተው አትክልት ማጠጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። ቴክኒሻኑ ደግሞ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ነቅሎ መሰካት ስለሆነ፣ ጥፋቱን ሳያየው በገዛ እጁ ሲያጠፋው ከርሟል።

ክቡርነታቸው ጨርቃቸውን እንደያዙ እየሮጡ ገቡ። «ይኸው! ይኸው ቀጥ አለ! አየህ አይደል፣ እኔ ምንም—»

የአማቻቸው ጣት መሰኪያዋ ላይ እንዳረፈች አዩ። ከዚያ ጨርቋን አዩ።

«በየቀኑ ነው የምስባት» አሉ። «ጠብቃ እንደሆነ ላያት ብዬ እኮ ነው። ሐኪም አይደለሁ፣ የአንተን ሙያ አላውቅ፤ ሌላ ምን ላድርግላት?» ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞር አሉ። «እኔ ነኝ አይደል አየሯን የምዘጋው?»

ቴክኒሻኑ ለዚህች ሰዓት ስንት ሳምንት ንግግር ሲያዘጋጅ ኖሯል። መኪና ውስጥ ብቻውን ለፍልፎታል፤ «ጋሼ፣ መወልወልም መንካት ነው» ብሎ የሚጀምር፣ ጥሩ ንግግር ነበር። አሁን ግን ሰውዬው አንጀቱን በሉት።

«ምን ተገኘ?» አሉ ሴትዮዋ ከውስጥ።

«የእኔ ጥፋት ነው እማማ!» አለ ቴክኒሻኑ ጮክ ብሎ፣ መሰኪያዋን እየመለሰ። «ይቺን ገመድ ስሰካ በደንብ አላጠበቅኳትም።» ያለው ውሸት ብቻ አልነበረም፤ ስድስት ጊዜ ሰክቷት አንድም ቀን ምላሷን አላያትም።

«እኔ ደግሞ እሱ ነው ብዬ!» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ፣ በሳላቸው መሐል። «ጠዋት ጠዋት የእኔንም ቱቦ ስቦ ካላየ ቁርሱን አይበላም።»

በማግስቱ ቴክኒሻኑ አዲስ ገመድ፣ ከላይዋ የምትደፋ አንዲት ትንሽ የብረት ሣጥንና አንድ ጥሩ ጓጉንቸር ይዞ መጣ። ገመዷን አሰረ፣ ሣጥኑን ግድግዳው ላይ በብሎን መታ፣ ቆለፈ። ቁልፉን ለክቡርነታቸው ሰጣቸው።

«ጋሼ፣ ንብረቱ በእርስዎ ኃላፊነት ነው።»

ተቀበሉት። ቀረብ ብለው ጓጉንቸሩን ሳቡት። ደግሞ ሳቡት። ፊታቸው በራ።

ከዚያ ወዲያ ያ ነገር ቀጥ ብሎ አያውቅም። ስልኩ ግን አልቆመም። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደወላል። «ልጄ፣ ስቤ አየሁት። ተቆልፏል።» ቴክኒሻኑ መጀመሪያ መጀመሪያ «ጋሼ፣ ደህና ከሆነ መደወል አያስፈልግም እኮ» ይላቸው ነበር። ሰሚ ሲያጣ «እሺ ጋሼ» ማለት ጀመረ። ሲሰለቸውም፣ ሲያዛጋም «እሺ ጋሼ»።

በቀደም ጠዋት ደንበኛ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ የፀሐይ ኃይል ፓኔል ሲያስር ሁለት ሰዓት ሞላ። አልተደወለም። ሁለት ከአምስት ሆነ። ሁለት ከዐሥር ላይ ካቻቢቴውን አስቀመጠና ራሱ ደወለ።

«ጋሼ! ስበውታል?»

«ሁለቴ። ጎረቤት ናት ያዘገየችኝ፤ በሬን ለምን ትስባለህ ብላ ይዛኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? ምንም አልነካሁም አልኳት።»

ቴክኒሻኑ ጣሪያው ላይ ቁጭ አለ። ስልኩን መዝጋት ይችል ነበር፤ ሥራ አለበት፣ ፀሐይዋም መበርታት ጀምራለች።

«እስቲ እኔ እየሰማሁ አንዴ ይድገሙልኝ» አለ።

ክቡርነታቸው ስልኩን እንደያዙ ወደ ኮሪደሩ ሲራመዱ ይሰማል። ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ። ከዚያ ድምፅ ኋላ ማሽኑ አየሩን እየሳበ፣ እየለቀቀ ነው፤ ሴትዮዋም «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ይላሉ።