የድልድዩ ባለቤት

በነጻ የሚሠራ ሰው ሲቀየም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አቃቂ ኑ! የሰፈራችን ልጆች ለዓመታት ተረዳድተው የሠሩት፣ በሰፈራችን መንገድ ባጃጅ የሚነዳበት የኮምፒውተር ጌም አለ። ሙሌ የእናቱን ሱቅ ጨምሮበታል፤ ሌላው ውሻውን ሳይቀር አስገብቷል። ባጃጁ ግን ድልድዩ ላይ ሲደርስ ወንዝ ውስጥ ይገባል! የኔ ቤት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ነድቼ ቤቴ መግባት አማረኝ።

«ለምን አታስተካክሉትም?» አልኩት ሙሌን።

«ድልድዩ የአቡሽ ሥራ ነዋ! ብንነካበት ይቀየመናል።»

አቡሽ ሰፈር ከለቀቀ ቆይቷል። የገባው ግን ሳሪስ አቦ ነው እንጂ ጨረቃ ላይ አይደለም፤ ደወልኩለት።

«እስካሁን አላስተካከላችሁትም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኮድ ተምሬ የለ? ራሴ ጠገንኩት። ባጃጄ ተሻገረ! በደስታ ማዶ ላይ የግቢያችንን አረንጓዴ በር ሠራሁ፤ ትንሽ ገዘፍ አድርጌ።

በሳምንቱ ሙሌ መጣ። «እህቴ፣ በርሽ መንገዱን ዘግቶታል። ትንሽ ጠጋ ላድርገው?»

«የኔን በር? ንካውና እንተያያለን!»

«በቃ፣ አሁን አባል ሆነሻል» አለኝ።

ባጃጁም እስከ ዛሬ ድልድዩን በሰላም ተሻግሮ ከበራችን ጋር ይላተማል።