ሊቀ ጥርጣሬ መልካሙና ባዶው ናሙና

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው አለቀ ያለውን ሥራ ገና አልተጀመረም የሚያሰኝ አንድ ፀረ-ደስታ ኃይል አይጠፋም። ንፋስ መውጫ ላይ በምንሠራባት ጠባብ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይህን ታሪካዊ ተልእኮ ብቻቸውን የተሸከሙት ክቡር ወክቡራን ሊቀ ጥርጣሬ መልካሙ ይስማው ናቸው። አቋማቸው አንድ፣ መፈክራቸውም አንድ፦ «የሌለበትን አሳየኝ!»

ጎረቤቱ እትዬ ጌጤ ስለ ውሻቸው ቢያወሩለት እንኳ መልካሙ አይምርም።

«ሌባ ሲመጣ ይጮኻል» አሉት።

«ሌባ በማይመጣ ቀንስ፣ እትዬ?»

«ያን ቀንም ይጮኻል! አንተ ምን ቤት ነህ?»

«እንግዲያው የሚያውቀው ሌባን አይደለም፤ መጮኽን ነው።»

ውሻውን ጨረሰና ወደ እኔ ዞረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከስማዳና ከእስቴ የመጡ፣ አዙሪት የያዛቸው በጎች አንጎል ላይ አቀርቅሬያለሁ። በታመሙት ላይ አንድ ፕሮቲን በዝቶ አገኘሁ። ያገኘልኝ አንቲቦዲ ነው፤ ከሺህ ፕሮቲን መካከል ያንን አንዱን ብቻ ለይቶ እንዲይዝ የተገዛ። ጽሑፌ ሊታተም ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሁለተኛ ዲግሪዬም የቆመው በእሱ ላይ ነው። መልካሙ ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን ተቆርጦ የወጣበት የበግ ሴል ከውጭ አስመጣ።

«እዚህ ውስጥ ፕሮቲኑ የለም። አንቲቦዲህ ዝም ካለ አምንሃለሁ።»

«ዝም ባይልስ?»

ጓንቱን አጠለቀ።

ቀትር ላይ፣ አንቲቦዲው የያዘውን ሁሉ በጥቁር መስመር የሚያሳየው ፊልም ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ገባን። ውጭ ጉም ወርዷል። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት በግ ማንም የማያየውን ነገር ትዞራለች፤ ኮቴዋ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። በቀዩ መብራት ሥር የታመሙት በጎች መስመር ጠቆረ። የጤነኞቹ ፈዘዝ ብሎ ወጣ። የባዶው ሴል ቦታ ነጭ ነው። ተነፈስኩ።

ከዚያ ከነጩ ውስጥ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ ጥቁር ሰረዝ ብቅ አለ። ልክ እንደ ታመሙት፣ በዚያው ቁመት፣ በዚያው ውፍረት። ሟች የተቀመጠበት ወንበር ላይ አረፍ ብለህ ሙቀት ብታገኝ እንደዚያ ነው። ውጭ ኮቴው ቆመ።

«የሌለውን ያያል» አለ መልካሙ በሹክሹክታ።

ሁለት ዓመት ማንን ስከተል እንደኖርኩ እስካሁን አላውቅም።

ከክፍሉ እንደወጣን የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል።

«ደግሞ ልትከሰኝ ነው?» ብዬ በትከሻው በኩል አየሁ።

ደብዳቤው ከአምስት ዓመት በፊት የራሱን ጥናት ላተመለት መጽሔት ነው፦ «የተጠቀምኩበት አንቲቦዲ የሚታመን ሆኖ አልተገኘም። ጽሑፌ ይሰረዝልኝ።» ያው የእኔው አንቲቦዲ! እድገት ያገኘው በዚያ ጽሑፍ ነው፤ እናቱም በመስተዋት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውለታል።

«ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ብቻዬን ማየት ፈራሁ።»

ወንበር ሳብኩ።

«ጠጋ በል፣ አንተ ነገረኛ» አልኩትና ጽሑፌ እንዳይታተም የምጠይቅበትን ደብዳቤ ከእሱ ሥር ጻፍኩ።