የአያ ተገኘ ጆሮና የእታለም ጨው

ጨው የሌለው ሽሮ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰሞኑን እየበላሁ ነው። ለማንም አልመኝም። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ልነሳ ስል ቤቱ ቀድሞኝ ተነሣና ይዞር ጀመር። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ያጓራል። ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ለሐኪም አሳየሁ። ልጅ ነው ሐኪሙ፣ ግን ጎበዝ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ይቁሙ አለኝ፤ ወደ አንድ ወገን ስወድቅ ያዘኝና የበሽታውን ስም ነገረኝ። ሜኒየር ይባላል። በጆሮ ውስጠኛው ክፍል ያለው ውኃ ሲበዛ ነው አለ። ጨው ይቀንሱ፣ ቡናና ጠላ ይተዉ፣ ውኃ በየጊዜው ይጠጡ፣ እንቅልፍ አይጉደልብዎ፣ አይናደዱ አለኝ። ከመጨረሻው በቀር ሌላውን እሞክራለሁ አልኩት።

ከዚያ ሳቄ መጣ። ልጁ የደነገጥኩ መስሎት ሊያጽናናኝ ሲሞክር የበለጠ ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ይኼን መድኃኒት ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያገኘችው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። አማኑኤል ከተማ አጠገብ ካለች አንዲት መንደር ተድሬ፣ ከባሌ ታላቅ ወንድም ከአያ ተገኘና ከሚስቱ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። ሚስቱን ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግን ዓይኗ አንድ ነገር የማያመልጠው ሴት። እኔ ወጥ ሳሳርር ምንም አትለኝም፤ በማግስቱ ግን እንጨቱ አነስ ብሎ ተፈልጦ አገኘዋለሁ።

መንደራችን ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለች። ጣሊያንም ያውቃል። ስለዚህ ቀን መርጦ አውሮፕላን ይልክብናል። ቦምቡ ሲወድቅ ቤት ውስጥ የቆየ አለቀለት፤ ወንዙ ዳር ካለው ዋሻ የደረሰ ተረፈ። እንግዲህ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ከአያ ተገኘ የተሻለ ከየት ይመጣል? ወንዝ ማዶ የሚያገሳውን በሬ የእገሌ ነው ብሎ የሚለይ ሰው ነበር። ጉብታው ላይ ይቀመጣል፣ ሲሰማ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኛ ልጅ አዝለን እንሮጣለን። ሁለት ጊዜ እንዲህ አድኖናል።

አገሬውም ውለታ አይረሳም። ያኔ ሰው ሰውን ሲወድ አሞሌ ያስልሰዋል። አሞሌን የማታውቁ ካላችሁ፣ እንደ ሞረድ ተጠርቦ የሚሸጥ የጨው ቁራጭ ነው። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋጋው ወዲህ ደግሞ ብርቅ ሆኗል። ታዲያ በጉብታው በኩል የሚያልፍ ሁሉ፣ ገበያ የሚሄደውም፣ ማገዶ የምትለቅመውም፣ ከጉያው አሞሌውን ያወጣና አያ ተገኘ እንካ፣ ቅመስ ይለዋል። እምቢ ማለት ነውር ነው። እሱም ነውር አይወድም፤ ሲልስ ይውላል።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። ጥሩምባው ይነፋል፣ እንሮጣለን፣ ሰማዩ ባዶ ነው። አሁንም ይነፋል፣ አሁንም እንሮጣለን፣ ያው ባዶ ነው። ተመልሰን ጉብታው ላይ ስንወጣ አያ ተገኘን ወድቆ እናገኘዋለን። ሣሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ያስመልሰዋል፤ መሬቷ ልትጥለኝ ነው ይላል። አውሮፕላኑስ ስንለው፣ እዚሁ ጆሮዬ ሥር ሲያጓራ ሰምቼዋለሁ ብሎ ይምላል።

አንዱ ቡዳ ነው አለ። ሌላው ጣሊያን አስደግሞበት ነው አለ፤ ጣሊያን የትኛውን ደብተራ አግኝቶ እንደሚያስደግም እኔ አላውቅም። ጸበል ወሰዱት። ሰዉም ለኛ ብሎ ነው የታመመው እያለ፣ የሚያስልሰውን አሞሌ ጨመረለት።

ክፉው ግን ማዞሩ አልነበረም። ሰው መሮጥ ተወ። አንዲት አራስ ሦስት ጊዜ በቃሬዛ ዋሻ ወርዳ ሦስት ጊዜ ከተመለሰች በኋላ፣ ከእንግዲህ ብሞትም ከመደቤ አልነሣም አለች። ወንዶቹ ሥራቸውን እየፈቱ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይመለሳሉ። አውሮፕላኑ የእውነት የመጣ ዕለት ማለቃችን ነው። የመንደራችን አለቃ ጭቃ ሹሙ መጥተው፣ ጥሩምባውን ለሌላ እንስጥ አሉ። አያ ተገኘ በሰው ፊት አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

እታለም አንድ ወር ስጡኝ አለቻቸው። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። ለኔ ግን ነገረችኝ። የደምበጫው መንገድ ተዘግቶ አሞሌ ከመንደሩ የጠፋ ጊዜ፣ የባሏም ጆሮ ጸጥ ብሎ ነበር። ነጋዴዎቹ አሞሌ ይዘው በገቡ በሦስተኛው ቀን ጥሩምባው ተነፋ። ሌላው ሰው ይኼን አይቶ ነጋዴ ነው ጣሊያን የሚጠራብን አለ። እሷ ግን ድስቷን አየች። እስቲ አሁን ይኼን ማን ያስተውላል? እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ፣ ያንኑ ጨው ስፈጭ ነበር፣ ምንም አልታየኝም።

ጨዉን ከለከለችው። ጠላውንም። ጉብታው ሥር ቆማ፣ አሞሌ የሚያወጣውን ሁሉ በጌታ እያለች ትመልሳለች። ተልባ በውኃ በጥብጣ፣ ዝንጅብል ለማቅለሽለሹ አፍልታ ትሰጠዋለች። ውኃውን በቅል ለክታ ጠዋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ማታ ታጠጣዋለች። ማዞሩ ሲነሣበት ራሱን ሳያንቀሳቅስ ታስተኛውና ዓይንህን ከምሰሶው ላይ አትንቀል ትለዋለች። የወደድኩላት ግን ይኼን አይደለም። እሷም ጨው ተወች። እሱ የማይበላውን እኔ እንዴት አድርጌ እውጣለሁ አለች። የሁዳዴን ሽሮ ያለ ጨው፣ ኀምሳ አምስት ቀን፣ ፊቷን ሳታጨፈግግ በላች። እኔ ጓዳ ገብቼ አሞሌዬን ስልስ ታየኝና እንዳላየች ታልፋለች።

ወሩ ሳይሞላ ጆሮው ዝም አለ። አልፎ አልፎ ሽው ይልበታል እንጂ መውደቁ ቀረ። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው አንድ ሕግ አወጡ፤ ጥሩምባው ሲነፋ መጀመሪያ እታለም ትጠየቅ። ጨው ቀምሶ ከሆነ ሁሉም በሥራው ይቀጥል። ካልቀመሰ ይሮጥ። ዛሬ ለማንም ብነግረው ይስቃል። ያኔ ግን አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም፤ ከእሷ የተሻለ የሚታመን አልነበረንም።

በፋሲካ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ፣ ጥሩምባው ተነፋ።

ሰው ሁሉ ወደ እታለም ቤት ጎረፈ። ያቺ አራስ ልጇን ታቅፋ፣ ጭቃ ሹሙ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ እኔም ከኋላ። ወደ ሰማይ የሚያይ የለም፤ ሁሉም የሚያየው የእሷን አፍ ነው። እሷ በር ላይ ወጣች። ጭቃ ሹሙ ተገኘ ጨው ቀምሷል ወይ ብለው ጠየቋት። ወደ ጉብታው አየች። ከዚያ፣

“አልቀመሰም” አለች።

ሮጥን። እሷም ጉብታው ላይ ወጥታ እጁን ይዛ አወረደችው። የመጨረሻው ሰው ዋሻ እንደገባ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ሁለት አውሮፕላን ነበር። አውድማውንና አምስት ቤት አቃጠሉ፤ የኔም አንዱ ነው። ከሰው ግን አንድ ነፍስ አልጠፋም። ያቺ አራስ የእታለምን እግር ሳመች።

አያ ተገኘ ጣሊያን ከወጣ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። የግራ ጆሮው እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ፤ ቀኙ ግን አገለገለው። እታለም ዛሬም አለች። እርጅና አጉብጧታል፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። እናም ከሐኪም ቤት ስመለስ ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ወደሷ ሄድኩ። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ትክክል ነበርሽ፣ የተማረ ሰው ያንቺን ቃል ነው የደገመልኝ፣ ያኔ ጨዉን ባትከለክይው ኖሮ ዛሬ ማንኛችንም የለንም አልኳት። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት።

ስትሰማኝ ቆየችና ሳቀች። አውሮፕላኑ የመጣ ዕለት ጨው በልቶ ነበር አለችኝ። ሁዳዴን ሙሉ ታግሦልኝ፣ የፋሲካን ዶሮ እንዴት ያለ ጨው አቀርብለታለሁ ብላ፣ በገዛ እጇ ጨምራበት ነበር።

ታዲያ ያን ሁሉ ሰው አልቀመሰም ብለሽ ምነው ዋሸሽ አልኳት።

“በዓመት በዓል ጥሩምባ ነፍቶ የሚሮጥለት ቢያጣ ልቡ ይሰበራል ብዬ ነው እንጂ” አለችኝ፤ “አውሮፕላኑ ይመጣል ብዬማ መች አሰብኩ።”