ስመ ክርስትናው ያልታወቀ አጽም

ለደጋ ሰው የባሕር ነገር ብዙም አይገባውም። ለእኛ ለጎጃሞች ባሕር ማለት ጣና ነው፤ እሱንም ቢሆን ብዙዎቻችን ያየነው ለሕክምና ባሕር ዳር ስንሄድ በመኪና መስኮት ነው። እንግዲህ ውኃ ለመቅዳት ቁልቁል የምትወርዱ ሰዎች ሆናችሁ፣ አንዱ ተነሥቶ የቆማችሁበት ቦታ ድሮ ባሕር ነበር ቢላችሁ መሳቃችሁ አይቀርም። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ጂኦግራፊ ስለማስተምር ይህንኑ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። የምነግራቸው ግን ፈተና ላይ ስለሚመጣ ነው።

የእህቴ ባል አያ ጥሩነህ ከየጁቤ ወዲያ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ መውረድ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ይኖራል። በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ ልጁን ሊድር ቀን ቆረጠና ሙሽራዋን ሣር ጎጆ ውስጥ አላስገባም ብሎ የድንጋይ ቤት ጀመረ። ድንጋዩን የሚያወጣው ከማሳው ጥግ ካለው ነጭ ጋራ ነበር። ግድግዳው ደረት ላይ እንደደረሰ ዶማው አንድ አጥንት ላይ አረፈ። አጥንት ልበለው እንጂ የቤት ምሰሶ ያህላል፤ ደግሞም ድንጋይ ሆኗል።

በዚያ አገር አጽም ያገኘ ሰው አፈር መልሶበት ዝም ማለት አይችልም። ዘመድ የሌለው ሙት ዘመዱ ያገኘው ሰው ነው፤ ያስፈታለታል፣ ያስቀብረዋል፣ ካህናቱንም ይመግባል። አያ ጥሩነህም ሳያስበው ሐዘንተኛ ሆነ። ችግሩ ለፍትሐት ስመ ክርስትና ማስፈለጉ ነበር። ካህናቱ ብዙ ተከራከሩ፤ ይህን የሚያህል ሰው ምናልባት ከጥምቀት በፊት የኖረ ቢሆንስ ያለም ነበር። በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ ስሙን ፈጣሪ ያውቀዋል ብለው አስፈቱት። አጽሙ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀበረ። ጋራው መቃብር ነውና ድንጋይ እንዳይወጣበትም ገዘቱ።

አያ ጥሩነህ ደረት ላይ የቆመ ግድግዳና እየቀረበ የሚመጣ ሠርግ ይዞ ቀረ። ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣብኝ። ይህ ነገር የሰው እንዳልሆነ አውቆ የሚናገርልኝ የተማረ ሰው ፈልግልኝ አለኝ፤ ፊቱ ከስቶ ነበርና አሳዘነኝ። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ የሥነ ምድር ባለሙያ ነበረና ለምኜ ይዤው ወረድሁ።

ቄሰ ገበዙ እያቅማሙም ቢሆን አጽሙ እንዲወጣ ፈቀዱ። ባለሙያው አገላብጦ አየውና ሰው አይደለም አለ። አገሩ ባሕር በነበረበት ዘመን የዋኘ፣ አዞን የሚያስንቅ አውሬ ነው። ሁላችንም ቄሰ ገበዙን አየናቸው። አውሬ ፈትተዋል እኮ።

እሳቸው ወደ አጽሙ ጎንበስ ብለው፣ «ይነክስ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«እንዴታ፣ አባ።»

«እንግዲያው ፍትሐቱ ከማናችንም በላይ ያስፈልገው ነበር» አሉና ግዝቱን ፈቱ።

አያ ጥሩነህ እጃቸውን ስሞ ዶማውን አነሣ። የባለሙያው ንግግር ግን አላለቀም ነበር። ጋራው ቅርስ ስለሆነ በሕግ መነካት የለበትም አለ። ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ሄደ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየዳበሰ ቀንድ አውጣው ይኸው፣ ጥርሱ ይኸው ሲል እኔ የአማቼን ዓይን ማየት አቃተኝ። ግድግዳውም ቅርስ ሆነ፤ ሊፈርስም ሊጨረስም አይችልም።

አያ ጥሩነህ ዶማውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ሙት ሲሆን የእኔ ነው አላችሁኝ፤ ቅርስ ሲሆን የመንግሥት ሆነ» አለ።

ባለሙያው አጥንቱን ጭኖ፣ ለቀሪው እንመለሳለን ብሎ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም። ሙሽራዋ የገባችው ሣር ጎጆ ውስጥ ነው፤ ደግነቱ ልጅቷ ቅር አላላትም። ግድግዳው ደረት ላይ እንደቆመ ጥጆች ይታሰሩበታል።

በዓመቱ ቄሰ ገበዙ ለአያ ጥሩነህ መልእክት ላኩ። አውሬም ቢሆን አንዴ የተፈታ ነውና ሙት ዓመቱን ማውጣት ይገባሃል ይላል። አያ ጥሩነህ ለመልእክተኛው ጠላ ቀዳለትና መልሱን አስያዘው፦

«ዘመዱ መንግሥት ነው፤ ሂዱና እሱን ጠይቁ በላቸው።»