ቁልፍ የጠፋበት የሥዕል በር

አንባቢዬ፣ የቴአትር መድረክ ገጽታ መምህር የሚባል ፍጡር አጋጥሞህ ያውቃል? የሌለውን አለ እያሰኘ ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው። በንጉሡ ዘመን አንዱ እኔ ነበርሁ።

የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በክረምት መምህራን እንዳሠለጥን ዲላ ላከኝ። «ካላታለለ በር አይባልም» እያልሁ በአዳራሹ መድረክ ግድግዳ ላይ በር ሣልሁ። እጀታው ሳይቀር ያብረቀርቅ ነበር።

በሥልጠናው መዝጊያ ዕለት የአውራጃው ገዥ ንግግራቸውን ጨርሰው በዚያ በር ሊወጡ ሲሉ ግንባራቸው ከግድግዳው ተላተመ። ገዥው ተሳሳቱ የሚል አንደበት ከወናጎ እስከ ቡሌ አይገኝም።

«ማነው የቆለፈው?» አሉ ግንባራቸውን እያሻሹ።

ጸሐፊያቸው ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ክቡርነታቸው ቆመው ይቅሩ እንዴ? ቁልፉን ያምጡ እንጂ።»

ሥዕል ነው ብል እሳቸው ይዋረዳሉ፤ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ኪሶቼን አንድ በአንድ በረበርሁ።

«ጠፍቶብኛል፣ ጌታዬ» አልሁ።

«እንግዲያው ይሰበር።»

ዘበኞች ግድግዳውን በዲጂኖ ፈነቀሉት፤ ገዥውም በክብር ወጡ። እኔም ከሥራዬ አልተባረርሁም። ብቻ ከዚያ ወዲያ እስከ ይርጋጨፌ ድረስ ቁልፍ አምኖ የሚሰጠኝ ሰው ጠፋ።